ባለ ቀንዱና ባለ ሳጥኑ

ሞተር ሳይክል ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ የምቀመጠው ከኋላ ነው። ባለፈው ሰኔ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ገብቼ እንደ ልማዴ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ስል፣ ሻጩ ልጅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እህቴ፣ መሪው በዚህ በኩል ነው» አለኝ። ይሳቅ፤ ምን ያውቃል። ሐሙሲት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ። ትንሿ ሞተሬ አርጅታ የገጠሩ መንገድ ስላቃታት፣ ከፍ ያለ ልቀይር ነው የሄድኩት። ልጁ ሁለት አሳየኝ። አንደኛው ዝቅ ብሎ የተዘረጋ፣ መሪው ወደ ነጂው የተቆለመመ ነው። «ክሩዘር ይባላል» አለኝ። ሁለተኛው ረጅም፣ ግራና ቀኙ ሳጥን የተንጠለጠለበት። «ይሄ ደግሞ ቱሪንግ ነው፤ ለሩቅ መንገድ የተሠራ።» እኔ ግን ሁለቱንም በሌላ ስም ነው የማውቃቸው፤ ባለ ቀንዱና ባለ ሳጥኑ። ስሙን ያወጣሁላቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ከሁለቱ አንዱ እኔን ጭኖ ለባል ሊያስረክበኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው፤ ገና መስከረም። ደብረ ታቦር ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ ይሻው፣ እናቴ ብዙነሽና እኔ። አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። አንዲት ትንሽ ሞተር ነበረችው፤ ከኋላዋ የመድኃኒቱ ሳጥን በገመድ ስለሚታሰር ሰው አትጭንም። ታላቅ እህቴ አዛለች፣ እኔ እታለም የምላት፣ ከአራት ዓመት በፊት ጉና ተራራ ሥር ተድራለች። ያኔ እኛም እዚያው ገጠር ነበርን፤ ከተማ የገባነው ከዚያ ወዲያ ነው።

የእታለም ሠርግ ሲነሣ እኔ የማስታውሰው በቅሎዋን ነው። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አባቴ አሮጊቷን በቅሏችንን ወይፈን ጨምሮባት በሰጋር በቅሎ ለወጠ። «ልጅቱ ለጋ ናት፤ መንገዱ እንዳይጎዳት» አለ። ያማከረው አባ ሙላቴን ነው፤ ዕድሜያቸውን በበቅሎ ንግድ የጨረሱ ጎረቤታችን ነበሩ። አባ ሙላቴ በቅሎ የሚፈትኑበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። እስከ አፉ ጠላ የተሞላ ዋንጫ በእጃቸው ይዘው ይጋልባሉ። ጠላው ካልፈሰሰ በቅሎዋ ሰጋር ናት፤ ከፈሰሰ ሌላ ትፈለጋለች። ያን ቀን ጠብታ አልፈሰሰም። በሦስተኛው ሳምንት ሚዜው እታለምን አዝሎ አወጣትና በዚያችው በቅሎ ይዟት ሄደ። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ፤ ኋላ እሱም ቀረ።

እኔም ከዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። አባቴ መጓጓዣ ሲቀይር፣ አባ ሙላቴም ዋንጫ ሲያነሱ፣ ከቤታችን ሴት ልጅ ትወጣለች። የቀረሁት ሴት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ምሽት እራት ሳይቀርብ፣ ከጎታው ጀርባ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ አባቴ ገባ። መኖሬን አላየም።

«ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ከአውቶቡስ አስወርደዋታል» አለ። «ሰው እያየ።»

 «በአውቶቡስ ካልሆነ በምን ልትወሰድ ነው?» አለችው እናቴ።

«የጭነት ሹፌሮችም እምቢ አሉኝ። በሞተር ራሴ እወስዳታለሁ።»

«በየትኛው ሞተርህ? የበግ ሙክት እንኳ አትችልም።»

«እቀይራታለኋ።»

«እንግዲያ ቶሎ አድርገው፤ ፍሬ ደግሞ እንዳትሰማ» አለች እናቴ።

ፍሬሕይወት እኔ ነኝ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። እናቴ ያሳደገችኝ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው፤ ያን ምሽት ምክሯን በራሷ ላይ አዋልኩት። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ክበብ አለን፤ መምህራችን በዚያው ሰሞን ፖሊስ አንዲት ሕፃን ሙሽራ ከአውቶቡስ አስወርዶ ለወላጆቿ መለሰ ብላ ነግራናለች። እንግዲህ ክምር ድንጋይ ላይ የወረደችው እሷ ናት። አባቴም ከሷ ተምሮ፣ እኔን ፖሊስ በማያስቆመው በሞተር ሊያሳልፈኝ ነው። ቤት ውስጥ ለሙሽሪት አስቀድሞ እንደማይነገርም አውቃለሁ። እታለም ሠርጓን የሰማችው ጠጉሯን ሊሠሯት ሲመጡ ነው።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሴትዮ መዝገብ ይዛ መጣች። ወደ ጓዳ ተላክሁ፤ እኔም በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

«ዕድሜዋ?» አለች ሴትዮዋ።

«አሥራ ሰባት» አለች እናቴ፣ ሳታፍር።

 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ እኮ። በእኛ አገር ዕድሜ የሚጨመረው ለምን እንደሆነ ክፍላችን ውስጥ ያለን ሴቶች ሁሉ እናውቃለን። ሕፃን መዳር የሚከለክለው ሕግ ከመጣ ወዲህ ልጁን የሚድር አባት አስቀድሞ ዓመት ይደርብላታል። አጠገቤ የምትቀመጠው የሺ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ሰኞ አሥራ ስምንት ሆነች ተባለ፣ ማክሰኞ ከክፍል ቀረች። ሴትዮዋ ወረቀት ጽፋ ማኅተም አደረገችበትና ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም ወረቀቱን በጡቷ ሥር ሸሸገችው። ዛሬ እንዲያ ያለ ወረቀት በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ በሽተኛ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት የሚላክበት ነው። ያኔ ግን የሐሰት ዕድሜዬ የተጻፈበት ምስክር መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያላየሁት ነገር የለም። እናቴ ጥጥ ሞልታ ትራስ ሰፋች፤ ከላዩ ላስቲክ ለበጠችበት። «ላስቲኩ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«አርፈሽ ትምህርትሽን አጥኚ።»

ለዝናብ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የሙሽራ ልብስ እንዳይበላሽ። ነጠላና ሁለት ቀሚስ ታጥቦ ተሰጣ። ቀሚሶቹ ለእኔ ይረዝማሉ፤ ብታድግበት ብለው ነው አልኩ። አባቴ ማታ ማታ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ «አልቅስ፤ ሸጠኸኝ ነው» እለዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን አባቴን ጠላሁት።

ቅዳሜ ዕለት «ፍሬ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለኝ። የሄድነው ደሳለኝ ጋራዥ ነው። ደሳለኝ የከተማው ሞተር ጠጋኝ ነው፤ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ጨርሶ ሲሄድ የተወውን ሁለት ትልልቅ ሞተር ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቁሟቸዋል። መሪው እንደ በሬ ቀንድ የተቆለመመውን አየሁና በሆዴ ባለ ቀንዱ አልኩት። ረጅሙን ባለ ሳጥኑ። ከሁለቱ መሐል በርጩማ ላይ ማን ተቀምጧል? አባ ሙላቴ። ልጃቸው ዘንድ ከተማ ገብተው ነበር። በእጃቸው ዋንጫ አለ።

ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተመለስኩ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «ነይ እስቲ፣ አንቺም ትፈርጃለሽ።»

አባ ሙላቴ በሰባ ስንት ዓመታቸው ባለ ቀንዱ ላይ ከደሳለኝ ኋላ ተፈናጠጡ፤ ዋንጫው ተሞላላቸው። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ወርደው ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ትንሽ ፈስሷል። ባለ ሳጥኑም ላይ እንዲሁ። ደሳለኝ ሳቁን መቋቋም አቅቶት ዘወር አለ፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

«ሁለቱም አይከፉም» አሉ አባ ሙላቴ። «በበቅሎ ብሆን እለይ ነበር። ይሄ ብረት ነው።»

«ልዩነቱን እኔ ልንገርህ ይሻው» አለ ደሳለኝ። «ይሄ ዝቅ ያለው አስፋልት ላይ አልጋ ነው። ወንበሩ ሰፊ፣ ለመውጣትም ለመውረድም የሚቀል። ግን ሆዱ መሬት ነው፤ ወደ ጉና ያለውን ድንጋይ አይችልም። ረጅሙ ድንጋይ ይሻገራል፣ ከኋላ መደገፊያ አለው፣ ሳጥኑ ልብስ ይይዛል። እሱ ደግሞ ከፍታው ነው ችግሩ።»

«እግሯን ማንሳት አትችልም» አለ አባቴ።

ሙሽራ መቼ በራሷ እግር ትወጣለች፤ ታዝላ አይደል እንዴ። ይህንንም ከማስረጃዬ ደመርኩት።

«ድንጋዩ ያለው ጥቂት መንገድ ነው፤ ተጠንቅቄ አልፈዋለሁ» አለ አባቴ። «ዋናው መንገዱ እንዳይጎዳት ነው።»

ያቺው ቃል። በእታለም በቅሎ ጊዜ ያላት ቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ብብቴን ይዞ መጀመሪያ ባለ ቀንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ባለ ሳጥኑ ላይ በጎን አስቀመጠኝ፤ የእናቴን ትራስ ከሥሬ አድርጎ። ተራ በተራ ይዞኝ ወጣ። እስከ ገበያው ወርደን፣ ሴቶች እያዩኝ፣ ተመለስን። ባለ ቀንዱ ኮረኮንቹ ላይ አጥንቴን አራገፈው። ባለ ሳጥኑ ላይ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ፣ የምይዘው ብረት አግኝቼ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።

«የቱ ተመቸሽ?» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ። አባቴ ከዚያ በፊት ስለ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

እኔ ግን አስቤበታለሁ። ጉና የማይወጣውን ከመረጥኩ፣ ባልየው ዘንድ አልደርስም።

«ባለ ቀንዱ» አልኩት። «ያኛው ጀርባዬን ይወጋኛል።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«በቃ፤ ተቀማጯ ካለች አለች» አሉ አባ ሙላቴ። አባቴ ትንሿን ሞተሩንና ገጠር የቀረንን በሬ ሰጥቶ ባለ ቀንዱን ነዳው።

አባቴ ሊሄድ በቆረጠበት ሐሙስ ሳይነጋ ተነሥቼ ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደበቅሁ። እንዳይፈልጉኝ ብዬ ሳይሆን ሲፈልጉኝ ለማየት ነው። ማንም አልፈለገኝም። አባቴ ትራሱን ከኋላ ወንበር ጋር አስሮ፣ አማትቦ፣ ብቻውን ሄደ። ሚዜዎቹን ሊያመጣ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና አባቴን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ግራ እግሩ በእንጨት ታስሯል። ክምር ድንጋይን አልፎ ሽቅቡን ሲጀምር የባለ ቀንዱን ሆድ ድንጋይ ቀደደው፤ ሞተሩ ተገልብጦ እግሩ ላይ ወደቀ። ገበሬዎች ናቸው በቃሬዛ ያወረዱት።

«አየሃት?» አለችው እናቴ፤ እግሩን ሳትጠይቀው።

«አልደረስኩም። ሰው ልኬባታለሁ፤ ተመልሼ እመጣለሁ በሏት ብያለሁ።»

«እሷ» የሚሏት አማቴ ልትሆን ያለችው ሴት መሰለችኝ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔስ? ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ልፈልግለት አልችልም፤ ደስ አለኝ። አባቴ በሕመሙ እያቃሰተ እኔ ጓዳ ገብቼ በድብቅ ዳቦ በላሁ። ሠርጉ ቀርቷል።

አልቀረም ነበር ለካ። እግሩ ትንሽ ጠና እንዳለ ደሳለኝ የተሰበረውን አስጭኖ አምጥቶ፣ ባለ ሳጥኑን ለወጠለት። ጭማሪ አልጠየቀውም። «ለዚህ ጉዳይ አልጠይቅህም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም ደሳለኝም አብሮ ተስማማብኝ ብዬ ነበር። አባቴ እያነከሰ፣ ገና ምርኩዙን ሳይጥል፣ በጥቅምት አጋማሽ እንደገና ሄደ።

በዚያው ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። በጓሮ በኩል ለመሮጥ ተዘጋጅቼ በአጥሩ አየሁ። ከአባቴ ኋላ መደገፊያው ላይ የተለጠፈች፣ በጋቢ የተጠቀለለች አንዲት ቀጭን ሴት አለች። ሚዜ ሴት ይሆናል እንዴ? ብዬ አሰብኩ። እናቴ ከቤት ሮጣ ወጥታ እግሯን ይዛ ስትጮህ፣ ሴትዮዋ ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አደረገችና አየችኝ።

«ፍሬ አድጋለች» አለች።

እታለም ናት። ጉንጭና ጉንጯ ተጣብቆ፣ ክንዷ ከእኔ ክንድ አይወፍርም። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የሽንት ሽታ፣ የቆየ። አባቴ ሲያወርዳት ትራሱ ላይ ያለው ላስቲክ ውሃ አቁሮ ነበር። ለዝናብ አልነበረም።

ወልዳ ነበር፤ አራት ቀን ምጥ ላይ ቆይታ፣ ልጁ ሞቶ። ለጋ ሰውነቷ ተቀዶ ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት፤ እግሯም ሰነፈ። ባሏ ቤት ከከብቱ በረት ጎን ጎጆ ቀልሰው ለብቻዋ አስቀመጧት። አባቴ የሰማ ዕለት ሄዶ በአውቶቡስ አሳፍሯት ነበር፤ ክምር ድንጋይ ላይ ተሳፋሪው ሽታውን አልችልም ብሎ አስወረዳቸው። እሷም «ሰው መሐል አልገባም» ብላ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። የአሥራ ሰባት ዓመቷም ልጅ፣ ቀሚሱ የታጠበላትም፣ እግሯን ማንሳት ያቃታትም እሷ ናት። አባቴ እኔን በሁለቱም ሞተር ላይ ያስቀመጠኝ ከስታ በክብደት ከእኔ ጋር እኩል ስለሆነች ነው።

እናቴ ስታጥባት አባቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የታመመ እግሩን ያሻል። አጠገቡ ቆምኩ። «ያኛው ለመንገዱ አልሆነም ፍሬ» አለኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፤ ልጅ ነሽ። እኔ ነኝ ያልደረስኩት።» እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር፤ እስኪሞትም መዋሸቴን አልነገርኩትም።

በማግስቱ በወረታ በኩል አድርገው ባሕር ዳር ወረዱ። በባለ ሳጥኑ አንድም ሰው ውረጂ ሳይላት ሐኪም ቤት ደረሰች፤ የተቀደደው ተሰፋላት፣ ዳነች። ወደ ባሏ አልተመለሰችም። ዛሬ ሐሙሲት ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የእኔን ነጭ ገዋን የምትሰፋው እሷ ናት።

ከዓመታት በኋላ፣ አባታችንን የቀበርን ሰሞን፣ አንድ ነገር ነገረችኝ። በመስከረም አንድ ሐሙስ ከጎጆዋ ሆና ከገደሉ ማዶ የሞተር ድምፅ ሰምታ ነበር። እሱ ነው ብላ ተነሥታ ልብሷን ጨመቀች። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የተላከባት ቃል አማቷ ዘንድ ቀርቷል፤ ማንም አልነገራትም። «ሽታዬ ትዝ ብሎት ከመንገድ የተመለሰ መሰለኝ» አለችኝ። «ኋላ ሲመጣ እንኳ አላመንኩትም ነበር።» እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ያቺ ዝምታ ናት ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ፣ ባለ ሳጥኑ ላይ ከኋላ እንደተቀመጥኩ፣ የፈነዳችብኝ። እታለም ሞተር ስንመርጥ አብራኝ ነበረች።

«እታለም፣ ባለ ቀንዱን ያስገዛሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ውሸቴን ነበር። ይሄኛው ነበር የተመቸኝ። ሊድሩኝ መስሎኝ፣ ጉና እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

ሻጩ ልጅ ነገሩ ከበደውና ፈቀቅ አለ። እታለም የሞተሩን መደገፊያ በመዳፏ ዳሰሰች።

«ድምፁ ጠፍቶ እስኪመጣ ሃያ አራት ቀን» አለች። «ቆጥሬው ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«አንቺ የፈራሽው እኔን አግኝቶኛል። ምን ብዬ ልፍረድብሽ?» ድምፅዋ አልተለወጠም። «አባታችን ሁለት ጊዜ መንገዱ እንዳይጎዳኝ ተጨነቀ። መጀመሪያ በቅሎዋን በዋንጫ ፈተነ፤ ኋላ ሞተሩን ባንቺ ፈተነ። እኔን ግን ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።»

 አፌ ላይ የመጣው ያው የአባቴ ጥያቄ ነው።

«አንቺስ፣ የቱ ይመችሻል?»

ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እግሯን አንሥታ በባለ ሳጥኑ ላይ አሻገረችና ከፊቴ ተቀመጠች። መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ከፊት የምቀመጥበት» አለች።

ሻጩ ልጅ ቁልፉን ይዞ መጣ። ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ከኋላ ያለሁትን እኔን አየኝ።

«ለሷ» አልኩት።